ለወንድሜ የመረጥኩት ቴፕ

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ቁርጡን አላውቀውም። ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። የቀወት ማሽላ ያማረበት ዓመት ነበር፤ ወፍ ስንጠብቅ ወንጭፉ እጃችንን ልጦት እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱ ዓመት ባንዱ ላይ እየተደረበ ጊዜው ደብዝዞብኛል። ድምፁን አልረሳሁትም። ቀን ከጭንቅላቴ ቢወጣም ድምፅ ይቀራል፤ ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ።

ያስታወሰኝ የልጄ የመዲና ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሬዲዮኔን ይዤ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላው አይነሳም። መዲና ከውስጥ ወጣችና ሬዲዮውን ቀነሰችው።

«አባዬ፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ እኮ ነው የሚሰማው» አለችኝ።

«ምን ይሰማል፣ ድምፁ የሞተ ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል።»

«ባትሪውን ትናንት ነው የቀየርኩልህ።»

«ድምፁ የሞተ ነው» ያልኩት ቃል የኔ አልነበረም። የወንድሜ የእንድሪስ ቃል ነው። ቤት ሙሉ ሰው ፊት የተናገረኝ፣ ስሜን የወሰደብኝ ቃል ነው። ዞሮ ዞሮ በኔው አፍ ሲወጣ ደነገጥኩ።

በዚያን ጊዜ ካሴት ቤት ነበረኝ፤ ከመናኸሪያው ጎን፣ ሎሚ ሻጮቹ ከሚቀመጡበት ጀርባ። ትምህርቴ የትም አልደረሰም፤ ማንበብ ከቻልኩ ወዲያ አባቴ ለእርሻ ፈለገኝ። ቴፕ ፈትቶ መግጠም ግን እጄ ላይ ነበር። ካሴት አባዛለሁ፣ መንዙማ ያለበት ቦታ ሄጄ እቀዳለሁ። ዋናው ገበያዬ ግን ደብዳቤ ነበር። ያን ጊዜ ከይፋት ጅዳ የሄደ ልጅ ወረቀት አይጽፍም፤ ካሴት ላይ ይናገርና በመጣ ሰው እጅ ይልካል። እናት አባት ደግሞ ቴፕ የላቸውም። ከራሳ፣ ከጀውሃ፣ ከሰንበቴ በኩል በእግራቸው የመጡ እናቶች አግዳሚዬ ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ካሴታቸውን አስገብቼ አሰማቸዋለሁ፤ መልሳቸውን እቀዳላቸዋለሁ። የሰው ቤት ምሥጢር በጆሮዬ ይገባል፤ እዚያው ይቀራል። እንዲያ ካልሆነ ማንም አይመጣም።

አንዲት እናት የልጇን ድምፅ ሰምታ ስታበቃ «ይኼ ልጅ እየበላ አይደለም» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ እያለሽ እኮ ነው» አልኳት።

«አፉ ነው ደኅና። ድምፁ ባዶ ሆዱን ነው።»

እኛ እንዲህ ነበርን። ቃሉን ትተን የድምፁን ጉልበት ነበር የምንመዝነው። ድምፁ የቀጠነ ተርቧል፣ ድምፁ የጎላ ጠግቧል። እናቶቹ በዚህ አይሳሳቱም ይባል ነበር።

የእንድሪስም ካሴት ይመጣ ነበር። እንድሪስ ታላቄ ነው። ደርግ ወጣቱን ለውትድርና ሲያፍስ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ገባ። በመጀመሪያው ካሴት ድምፁ ሹክሹክታ ነበር፤ እናቴ ሰምታ እህል አልቀምስ አለች። በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ አለ። እየቆየ፣ ካሴት በመጣ ቁጥር እየጎላ ሄደ። በኋላማ «አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ» ሲል የቴፔ የድምፅ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ትለጠፋለች፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ይሳሳቃሉ።

«ዘሐራ፣ ልጅሽ ጠገበ» ይሏታል።

«ማሻአላህ በሉ» ትላለች እናቴ፣ የሰው ዓይን ፈርታ። ካሴቱን በሻሽ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ ቀና ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እንጀራዬ የሰው ድምፅ መስማት ነው፤ የወንድሜን ግን አልሰማሁትም።

የእንድሪስን ጆሮ ልንገራችሁ። ልጆች ሳለን ከጣርማ በር በደብረ ሲና ቁልቁለቱን የሚወርድ ከባድ መኪና ገና ሳይታይ፣ በፍሬኑ ትንፋሽ ሾፌሩን ይለይ ነበር። ስሙን ጠርቶ ይሮጣል፤ ማንም ሳይቀድመው ጭነት አውርዶ ሳንቲሙን ይዞ ይመለሳል። ከብርቱካኑ እርሻ ጀርባ ደግሞ የአንድ ኃላፊ ቤት ነበር። ፀሐይ ሲበርድ ሰውዬው ሸክላ ያጫውታል። እኔና እንድሪስ ከሎሚው አጥር ሥር በደረታችን ተኝተን እንሰማለን፤ እሾሁ ጀርባችንን እየጫረን። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ «አሁን ሁለተኛው ጊታር ገባ» ይለኛል። አንድ ቀን ዘበኛው የዕቃ እጣቢ ደፋብን። እንድሪስ ሸሚዙን እየጨመቀ፣ «ሰይዶ፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አስገባለሁ። በር ከፍተን ነው የምናጫውተው፤ የፈለገ ገብቶ ይሰማል» አለኝ። ልጅ የተናገረው ነው ብዬ ረሳሁት። እሱ አልረሳውም።

የመጨረሻው ካሴት ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ «ሰይዶ፣ ከረመዳን በኋላ መምጣቴ ነው፣ ኢንሻአላህ። ሚስት ይፈለግልኝ። ለቴፑ ለብቻው ልኬያለሁ። አዲስ አበባ ሂድ፤ ዋጋ አትከራከር። ከዚህ የሚበልጥ የለም የተባለውን ይዘህ ና። ከኔ ቀጥሎ ያለ ጆሮ ያንተ ነው፣ አምነዋለሁ።»

እየጮኸ ነበር የሚናገረው። የደስታ ጩኸት መሰለን። እናቴ የተላከውን ገንዘብ አይታ «ለድምፅ ይኼን ያህል?» ብላ አፏን ያዘች።

አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ አንድ የቴፕ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው። ጫማዬን አይተው ያስወጡኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሳቡልኝ።

«ምን ልስጥህ፣ ልጄ?»

«ከዚህ የሚበልጥ የለም የሚሉትን።»

«በምን የሚበልጥ? ለሠርግ ነው ለጆሮ?»

ጥያቄው አልገባኝም። እሳቸውም ብዙ አላብራሩም፤ ሁለት ዓይነት ከፈቱልኝ። አንደኛው ቁመቴን የሚያህሉ ስፒከሮች ያሉት ነው። ሲጫወት ፊቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ መብራት ይዘላል፤ ድምፁ ጆሮዬን ትቶ ሆዴ ውስጥ ነው የመታኝ። ሁለተኛው ለዓይን ምንም የለውም። ስፒከሮቹ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ የሚሉ የእንጨት ሣጥኖች ናቸው። ማጫወቻው ለብቻው፣ ማጉያው ለብቻው፤ ማጉያው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፣ መብራቱ አንድ ነጥብ ብቻ። ዋጋው ግን ከትልቁ በእጅጉ ይበልጣል።

የራሴን ካሴት ይዤ ሄጄ ነበር፤ እኔው የቀዳሁት መንዙማ ነው። ማን የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ ድቤው በስተግራ፣ ሴቶቹ በበሩ በኩል። በትልቁ ላይ ሳሰማው ድቤው ሁሉንም ዋጣቸው። በትንሹ ላይ ግን መንዙማውን የሚያወጣው ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። እልልታው በበሩ በኩል መጣ። ከሰዎቹ አንዱ የጫት እንጨት ቀነጠሰ፤ እኔ ቀጂው ሆኜ ያን ቀን ያልሰማሁትን። እንባዬ መጣ። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«ቤቱ ጣሪያው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቆርቆሮ።»

«ኮርኒስ አሠራለት። መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፍ። ያለዚያ እያንኳኳ ያስቸግርሃል። የሚሰማው ማን ነው?»

«ወንድሜ ነው። ጆሮው ከኔ ይበልጣል።»

«እንግዲያው ይኼን ውሰድ። ለእንደዚያ ያለ ሰው ነው የተሠራው።»

ቶሎ አልወሰንኩም። በነጋታው ተመልሼ ደግሜ ሰማሁ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ «አሁን ሁለተኛው ጊታር» ሲለኝ ነበር የሚታየኝ። ትንሹን ወሰድኩ።

በአይሱዙ ጭኜ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። ጋቢና ውስጥ አልቀመጥም ብዬ ከኋላ ከዕቃው ጋር ተቀመጥኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዘግቶት ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ስፒከሮቹን እንደ ጥጃ አቅፌያቸዋለሁ። ደብረ ሲና ቆመን የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ሾፌሩ መጥቶ አየኝና፣ «ሙሽራ ነው የጫንከው?» አለኝ።

«ሙሽራ እንዲህ አትከብድም» አልኩት።

«አላገባህማ» አለኝና ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እያወለቅሁ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ፣ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ቤት እንደገባሁ አቡጄዲ ወጥረን ኮርኒስ ሠራን። እናቴ የራሷን ምንጣፍ አምጥታ አነጠፈች።

እንድሪስ መጣ። ወፍሯል፣ አንድ የወርቅ ጥርስ አስተክሏል። እቅፍ አድርጎኝ እየጮኸ «ሰይዶ፣ አደግህ» አለኝ፤ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ከሰውዬው አፍ አይነቅልም። ናፍቆት ነው አልኩ።

ከአስር ሶላት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። በሩ ተከፈተ፤ ልጅ ሆኖ እንደተናገረው። መንዙማውን አስገባሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው፣ «ሱብሐነላህ፣ ሰውዬው እዚህ ቤት ውስጥ ነው እንዴ ያለው?» አሉ። እንድሪስ ከመካከል ቆሟል፤ ይጠብቃል።

«ክፈተው እንጂ» አለኝ።

«ተከፍቷል፣ ወንድም ጋሼ።»

የሰውን ፊት ዞር ዞር ብሎ አየ። «ጨምር።» ጨመርኩ። «ጨምር አልኩህ።» ጨመርኩ። ድምፁ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ሴቶቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ይኼ ምን ድምፅ አለው? ድምፁ የሞተ ነው» አለ። «የላክሁት ሁሉ ይችን ሣጥን ነው የገዛው?» ወደ ሰው ዞረ። «ባዕድ ይብላኝ ብዬ ነበር የተሰደድኩት። የሚበላኝ ለካ ቤቴ ነበር።»

«ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም፤ ደረሰኙም አለ» አልኩት። ማጉያው ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ አልመለሰልኝም። ሰው የኔን መቅለስለስ አየ። ሣጥኖቹንም አየ፤ በእርግጥ ትንንሽ ናቸው።

ካሴቱ አለቀ። ቀጭ ብሎ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ እንኳ የለም።

«አሁንም ጨምር እልሃለሁ» አለ እንድሪስ።

ሰው ሊያዋርደኝ ያሾፈ መሰለው። እኔ ግን ብድግ አልኩና ከጀርባው ቆምኩ። በቀስታ «እንድሪስ» አልኩት። አልዞረም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። ከሎሚው አጥር ሥር የነበረው ልጅ፣ ፍሬን ሰምቶ ሾፌር የሚለየው ልጅ፣ ከክንዴ ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ ስሙን አልሰማም። ቀና ስል እናቴ ከማዶ ታየኛለች። ሻሿን አፏ ላይ ጭናዋለች።

ያን ሁሉ ካሴት ጠግቦ አልነበረም የጮኸው። የራሱን ድምፅ ለመስማት ነበር።

ሰው ሲበተን እናቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። «አይቻለሁ» አለችኝ። «ኒካሁ ሳይታሰር ይኼ ከወጣ ያጨንለት ልጅ አባት ነውር ደብቃችሁ ልትሰጡን ነው ይላል። ያፈርሰዋል።»

«የኔ ስምስ፣ እማ?»

«ያንተ ስም ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ። የሱ ጆሮ አይመለስም።»

ዝም አልኩ። ለሠርጉ እንድሪስ ከደብረ ብርሃን ትልቁን ዓይነት ተከራየ፤ መብራት የሚዘልበትን። ድንኳኑ ውስጥ ስፒከሩን ተደግፎ ቆሞ፣ ደረቱ እየተመታ ሲስቅ አየሁት። እኔ የእጅ ውኃ አስታጥብ ነበር። ሰው እጁን ይዘረጋልኛል፤ ፊቱን ያዞርብኛል።

ከዚያ በኋላ አግዳሚዬ ባዶ ሆነ። «የወንድሙን የስደት ላብ የበላ የኛን ቃል ምን ያደርገዋል?» ተባለ። እናቶቹ ካሴታቸውን ይዘው በሱቄ ፊት ያልፋሉ፤ አጣዬ ድረስ ይሄዳሉ። አንዷማ ስታልፍ ካሴቷን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገችው፤ በዓይኔ የምሰርቃት ይመስል። ሱቁን ዘግቼ ወደ አፋር በኩል ልጠፋ ወስኜ፣ ዕቃዬን ሁሉ በካርቶን አድርጌ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን የወንድሜ ሚስት መጣች። ገና ከጫጉላ መውጣቷ ነው፤ እጇ ላይ ሒናው አልለቀቀም። ገበያተኛው ሁሉ እያያት አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ካሴት አወጣች።

«የወንድሜ ነው፣ ከሪያድ የመጣ። አጫውትልኝ» አለችኝ።

«ባልሽ መምጣትሽን ያውቃል?»

«ባሌ የማያውቀው ብዙ ነው።»

አሰማኋት። ሲያልቅ አልተነሳችም። «ከጀርባው ስጠራው አይዞርም» አለችኝ። «ሳወራ አፌን አፌን ነው የሚያየው። መጀመሪያ ፍቅር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ካሴቷን ከቴፑ አውጥቼ ሰጠኋት።

«አንተ ታውቅ ነበር፣ አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ለማን ብለህ ነው ዝም ያልከው?»

«ለሱ።»

«ደግ። ለኔ ብለህ እንደሆነ ብትዋሸኝ ይኼን አፈር በትኜብህ እሄድ ነበር።» ካርቶኖቹን አየች። «ዕቃህን መልሰው። ቴፑን እሱ ሲወጣ እየከፈትኩ እሰማዋለሁ። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። እንዲህ ያለ የመረጠ ሰው አልበላም።»

«ለሰው ልትነግሪ ነው?»

«እሱ ሳይቀበለው ለማን ነው የምነግረው? ሲደርስበት ይናገራል።»

አልተናገረም። እሷ ግን በየገበያው ቀን መጣች። አንዳንዴ ካሴት ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን፤ ሰው እንዲያያት ከፊት ለፊት ትቀመጣለች። ተበላ የተባለው ሰው ሚስት ከበላው ሰው ሱቅ ተቀምጣ ሎሚ ስትልጥ ሴቶቹ ግራ ገባቸው። አንዷ መጣች፣ ሌላዋ ተከተለች። እንደ ድሮው አግዳሚው ሞልቶ ባያውቅም በልቼ አደርኩ።

ሲቆይ የእንድሪስ ጆሮ አገር ያወቀው ነገር ሆነ። ጅዳ ከትልቅ ጄኔሬተር ጎን ነበር የሚሠራው፤ የሚተኛውም እዚያው ነበር አሉ። ደንቆሮነቱን ሁሉም አወቀ፤ ግን ተመልሶ «ሰይድ፣ በድለንሃል» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሐሜት መግቢያ እንጂ መውጫ በር የለውም። እንድሪስም ጥፋቱ የዕቃው ነው እንዳለ ሞተ። እስኪሞት ድረስ በኢድ እንጨባበጥ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። እናታችንም ስሜ ሲመለስ ሳታይ ሄደች። እሱ በሕይወት ሳለ አንዳንድ ጊዜ በነሱ ቤት በኩል ሳልፍ፣ እሱ ገበያ ወጥቶ ከሆነ፣ ያ መንዙማ በመስኮት በቀስታ ይሰማኝ ነበር። አጥር ተደግፌ እሰማለሁ፤ የሚያባርረኝ ዘበኛ የለም፣ ጎኔ የሚተኛም ወንድም የለም።

ትልቁን ገዝቼለት ቢሆን ሆዱን ይመታው ነበር፤ ይስቅ ነበር፤ ወንድም ይኖረኝ ነበር። እኔ የተሻለውን መረጥኩ። ይኼን አስቤ አስቤ ማሰሪያ አላገኘሁለትም።

ያን ቀን በረንዳው ላይ መዲና ደጋግማ ጠርታኝ ኖሯል። ከፊት ለፊቴ ዞራ መጣች፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አደረገች። ሳትጮህ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ «አባዬ፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አለችኝ። አንዱም ቃል አላመለጠኝም።

ባትሪው ነው ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «እሺ» አልኳት። «እንዲህ አድርጎ መናገር ማን አስተማረሽ?»

«ከረመዳን በፊት ነው የነገረችኝ። አባትሽ ጀምሮታል፣ አትጩሂበት፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይሁን አለችኝ። እንዳትነግሪውም ብላኝ ነበር።»

ማን እንደሆነች አልጠየቅኋትም። የወንድሜ ሚስት ናት። ሐሊማ።